የወጥ ቤት ልጣጭ ለግቢያችን አፈር ይዋል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግቢ ጎመንና ቆስጣ የሚተክሉ ነዋሪዎች መኖራቸው ደስ ቢያሰኝም፣ ብዙዎቹ መሬቱ አላበቅል ሲላቸው ከከተማ ውጭ ተጭኖ የመጣ አፈር መግዛታቸው ያሳዝነኛል። ያ አፈር ከአንድ ገበሬ ማሳ የተገፈፈ ሊሆን ይችላል። የግቢያችን አፈር የደኸየው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለመሠረት ሲቆፈር የወጣው የታች አፈር ከሲሚንቶ ፍርፋሪ ጋር ላዩ ላይ ስለተደለደለ ነው።

በክረምት የሚጨቀየውና በበጋ የሚሰነጣጠቀው ኮትቻ አፈር እንኳ ብስባሽ ሲገባበት ይፈረፈራል፣ ውኃና አየርም ያሳልፋል። ለብስባሹ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላና የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ይበቃሉ፤ ነገር ግን በእርጥቡ ላይ ሁለት ሦስት እጥፍ የሚሆን የጤፍ ጭድ፣ ደረቅ ቅጠል ወይም የተቀዳደደ ካርቶን ካልተጨመረና ክምሩ በየሳምንቱ ካልተገላበጠ ይሸታል፣ ጎረቤትም ያማርራል። እርጥበቱ ልክ የሚሆነው ጭብጥ ተደርጎ ሲጨመቅ መዳፍን አርሶ ውኃ ሳይንጠባጠብ ሲቀር ነው። ሥጋ፣ አጥንትና ቅባት ያለው ወጥ አይጥና ውሻ ስለሚጠሩ መግባት የለባቸውም፤ የባሕር ዛፍ ቅጠልም ቶሎ አይበሰብስም። አመድ አሲዳማ ለሆነ ቀይ አፈር በጥቂቱ ይጠቅማል፤ ሲሚንቶ ለተቀላቀለበት የግንባታ አፈር ግን አልመክረውም።

ይህ ዕውቀት ከውጭ የመጣ አይደለም። በሲዳማ፣ በጌዴኦና በጉራጌ ጓሮዎች እንሰቱ በፍግና በቤት ጥራጊ ሲመገብ የኖረ በመሆኑ፣ በቤቱ ዙሪያ ያለው አፈር ከራቀው ማሳ ይልቅ ለም ነው።

እኛ ግን ያንኑ ሀብት ከፕላስቲክና ከባትሪ ጋር አደባልቀን እንጥላለን። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከ100 በላይ ወገኖቻችንን ቀጥፏል፤ ከየቤታችን የሚወጣውን የሚበሰብስ ነገር በየግቢያችን ብናስቀር ወደ እንዲህ ያለ ክምር የሚሄደው ቆሻሻ በእጅጉ ይቀንስ ነበር።

ስለዚህ የጋራ መኖሪያ ቤት ኮሚቴዎች በየግቢው ጥላ ያለው አንድ ጥግ ለብስባሽ እንዲመድቡ፣ የጽዳት ማኅበራትም ነዋሪው ለይቶ ያወጣውን ጋሪ ላይ መልሰው እንዳይቀላቅሉት የሚመለከታቸው አካላት እንዲያግዙ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ክምሩ በደንብ ከተያዘ በሦስት ወይም በአራት ወር ይበስላልና፣ በየካቲት የተጀመረው ለሰኔ ተከላ ይደርሳል።

አንድ የጋራ መኖሪያ ቤት ነዋሪ
ከአዲስ አበባ