ለልጄ፦ ሰኞ ሳይደርስ

ሚጡዬ፣ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽም ጉልበት ተሽሎታል።

ወንድምሽ ሐሙስ ማታ ደውሎ ሁሉንም ነገረን። እንዳንጨነቅ ብለሽ እንደደበቅሽን ገብቶኛል። ተጨንቀናል። አሠሪዎችሽ ቤዚካችሁን፣ ማለትም መደበኛውን የወር ደመወዛችሁን፣ ከ18,000 ወደ 10,000 ብር አውርደው ሌላውን በሸጣችሁት ልክ በሚከፈል ኮሚሽን እናደርገዋለን አሉ። እስከ ሰኞ ወረቀቱን ፈርማችሁ መልሱ ተብላችኋል።

ልጄ፣ አትፈርሚ።

«በደንብ ከሸጥኩ እንዲያውም የበለጠ አገኛለሁ» ብለሽዋል። ጎበዝ መሆንሽን አውቃለሁ። ግን ሕጉ ደመወዝ ሲል ኮሚሽንን አይጨምርም። ጡረታሽ የሚታሰበው ከቤዚክ ነው፤ ካንቺ 7 በመቶ፣ ከእነሱ 11 በመቶ። ዛሬ በስምሽ በየወሩ 3,240 ብር ይገባል። ከፈረምሽ 1,800 ይሆናል። የሥራ ስንብት ክፍያም የሚሰላው በመጨረሻው ሳምንት ደመወዝሽ ነው። ነገ ለወሊድ 120 ቀን ስታርፊስ ማን ሸጦልሽ ነው ኮሚሽን የምታገኚው?

እኔ ይህን የተማርኩት ከሕግ መጽሐፍ አይደለም። ነገሩ የሆነው በ1993 ዓ.ም. ነው፤ አንቺ ገና ሕፃን ነበርሽ። የምሠራበትን ማተሚያ ቤት የባለቤቱ ልጅ ከአባቱ ተረከበና አንድ በአንድ ቢሮ ያስጠራን ጀመር። የደመወዛችን ሲሶ ተነሥቶ «የምርት ማበረታቻ» ይሆናል፣ በታተመው ልክ ይከፈላል የሚል አጭር ወረቀት ነበር። ከማሽኑ በቀጥታ ስለተጠራሁ እጄን እንኳ አልታጠብኩም። ስፈርም አውራ ጣቴ ወረቀቱ ጥግ ላይ የቀለም አሻራ ጥሎ ቀረ። ሒሳብ ሠራተኛዋ «ግድ የለም» ብላ በሶፍት ጠረገችው፤ ይበልጥ ተለቀለቀ። ያ ጥቁር ምልክት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

በሦስተኛው ወር ትልቁ ማሽን ተበላሸ። መለዋወጫው እስኪመጣ ክረምቱ አለቀ። ካልታተመ ማበረታቻ የለም። የእናትሽ የወርቅ ጉትቻ የት እንደገባ ስትጠይቂን «ጠፋ» እንልሽ ነበር። አልጠፋም። የቤት ኪራይና ያንቺ ወተት ሆነ።

ያን ጊዜ ያልፈረመ አንድ ሰው ነበር። አንቺ ጋሼ የምትይው፣ ከኪሱ ከረሜላ የማያጣው። ለፋሲካ እኛ ቤት መምጣት ለምን እንደተወ ስትጠይቂኝ ሥራ በዝቶበት ነው አልኩሽ። ዋሽቼሽ ነው። እሱ ቢሮ ገብቶ ሳለ እኔ በር ላይ ተራዬን እጠብቅ ነበር። ሲዝቱበት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በሁለት ሳምንቱ አባረሩት። ከሰሰና ምስክር ሁነኝ ብሎ ቤታችን ድረስ መጣ። «ልጆች አሉኝ» አልኩት። እሱም ሦስት ልጆች ነበሩት። ቀጠሮው ማክሰኞ ጠዋት ነበር። እኔ ማሽኑ አጠገብ ቆሜ ወረቀት እቆጥር ነበር። እሱ ምስክር አጥቶ ተረታ።

ዓርብ ዕለት ቤቱ ሄድኩ። በሩን ራሱ ከፈተልኝ። ትንሽ አየኝና «ግባ» አለኝ። ያንቺን ነገር ስነግረው ከሣጥን ውስጥ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን ነጋሪት ጋዜጣ አወጣ። በኋላ በሄደበት መሥሪያ ቤት የሠራተኛ ማኅበር መሪ ነበር፤ በየገጹ በእርሳስ አስምሮበታል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የእሱ ምክር ነው፤ ስለዚህ አጥብቀሽ ያዢው።

አሠሪ ደመወዝ ብቻውን ተነሥቶ መቀነስ አይችልም። አዋጅ 1156/2011 እንደሚለው፣ እንደናንተ የኅብረት ስምምነት በሌለበት ቦታ እንዲህ ያለው ውል የሚለወጠው ሁለታችሁም በጽሑፍ ስትስማሙ ነው። ወረቀቱን ያመጡልሽ ፊርማሽ ስለሚያስፈልጋቸው ነው። ስለዚህ አትፈርሚ።

ዝም ብለሽም አትቀመጪ። «በደመወዝ ቅነሳው አልስማማም፤ ሥራዬን በነበረው ውል እቀጥላለሁ» ብለሽ በሁለት ኮፒ ጻፊ። አንዱን ስጪያቸው፣ አንዱ ላይ መቀበላቸውን አስፈርሚ። አንቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ ላኪው። በቴሌግራም ነገርኳቸው ማለት አይሠራም። የቅጥር ውልሽንና ደመወዝ የገባበትን የባንክ ስቴትመንት ዛሬውኑ አውጪ፤ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ አትተዪው።

ቀንሰው ከከፈሉሽ ክፍለ ከተማ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው አመልክቺ። ካልሆነም ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት አለ። የደመወዝ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፣ ጊዜው አልፎበታል ይባላል፤ «እስኪ ይታያል» እያልሽ ጊዜውን እንዳታሳልፊ። አቤቱታ አቅርባለች ብሎ ማባረር ሕገ ወጥ ነው። ቢያደርጉት ግን ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚለው ክስ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት።

ተናድደሽ ጥለሽ እንዳትወጪ! ንዴትሽን ከእናትሽ ነው የወረስሽው። በራስሽ ፈቃድ ስትለቂ የስንብት ክፍያ የሚገኘው አምስት ዓመት ከሞላሽ ነው፤ አንቺ ስምንት ወር ቀርቶሻል። መልቀቅ ግድ ቢሆንብሽም የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጥተሽ ነው።

ሁለት የሥራ ባልደረቦችሽ አንፈርምም ብለዋል አሉ። ሳይመሽ ደውይላቸው። ምሳ አብራችሁ ብሉ፣ አብራችሁ ጻፉ። አሥር ከሞላችሁ ማኅበር ማቋቋም ትችላላችሁ። ባትሞሉም፣ ከነሱ አንዷ ምስክር ሁኚኝ ካለችሽ ሂጂ። እኔ ልጆች አሉኝ ያልኩት አንቺን ምክንያት አድርጌ ነው። አንቺ በማንም አታሳብቢ።

ለኪራይ 6,000 ብር በባንክ አስገብቼልሻለሁ። እናትሽ በርበሬና ሽሮ በአውቶቡስ ልካለች፤ ቅዳሜ ከሰዓት ተቀበዪ። እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ ስለምንደውል ስልክሽን አትዝጊ። ደብዳቤውን ለእነሱ ከመስጠትሽ በፊት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ጋሼ ሳላየው እንዳትሰጪ ብሏል፤ እኔ ይዤለት እሄዳለሁ።

አባትሽ