የቶም እናት ለምን አልተጠየቀችም?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በሥነ ጽሑፍ ዓምዳችሁ ስለ ማርክ ትዌይን ልብ ወለድ ስለ «ልዑሉና ድኻው» የወጣውን ጽሑፍ እዚህ ደሴ ሆኜ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ጸሐፊው ስለ ደከሙበት አመሰግናቸዋለሁ፤ ነገር ግን የመጽሐፉን ፍሬ ነገር «ልብስ ሲወልቅ ሰው ሁሉ አንድ ነው» በሚል አሳብ ጠቅልለው ማለፋቸው ቅር አሰኝቶኛል። ይህን መጽሐፍ ለዓመታት ከተማሪዎቼ ጋር ያነበብሁ የቋንቋ መምህር ነኝና፣ መጽሐፉ ከዚያ የጠለቀና የሚያም ጥያቄ እንደሚያነሣ ለመናገር እወዳለሁ፤ ጥያቄውም የማን ቃል ይታመናል የሚል ነው።

መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1881 ይሁን እንጂ ታሪኩ የሚፈጸመው በ1547 ለንደን ውስጥ፣ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ሊሞት በተቃረበበት ወራት ነው። በአንድ ቀን የተወለዱ፣ መልካቸው ቁርጥ አንድ የሆነ ሁለት ልጆች አሉ፤ አንዱ አልጋ ወራሹ ኤድዋርድ ሲሆን ሌላው በፑዲንግ ሌን አጠገብ በሚገኝ የድኾች መንደር የሚኖረው የሌባ ልጅ ቶም ካንቲ ነው። በቤተ መንግሥት ተገናኝተው ለጨዋታ ልብስ ይለዋወጣሉ። ታሪኩን አሳጥረው የሚያቀርቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ነገር ከዚህ ይጀምራል፤ ልዑሉ የቶምን ቡቱቶ እንደ ለበሰ ወደ ደጅ ሮጦ የወጣው ዘበኛው በቶም እጅ ላይ ያደረሰውን ጉዳት አይቶ ሊቆጣው ነው። ያው ዘበኛ ግን በሩን እንደ ከፈተለት በጥፊ አጠናግሮ ከአጥር ውጭ ጣለው። ለተበደለ ሊፈርድ የወጣው ልጅ የተበዳዩን ልብስ ስለ ለበሰ ብቻ ራሱ ተበዳይ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ልጆች እውነቱን ይናገራሉ። ቶም በቤተ መንግሥት «እኔ ልዑል አይደለሁም፣ ድኻ ነኝ» ይላል፤ ኤድዋርድም በጭቃው ሰፈር «እኔ አልጋ ወራሹ ነኝ» ይላል። ሁለቱም አበዱ ተባሉ። የቤተ መንግሥቱ «እብደት» ግን በእንክብካቤ ተያዘ፤ ንጉሡም ስለ ልጁ ሕመም ያወራ በሞት ይቀጣል ብሎ አዋጅ አስነገረ። የጎዳናው «እብደት» ያገኘው ሳቅና ዱላ ነው። የመደብ ልዩነት ምን እንደ ሆነ በዚህ ልክ አጥርቶ ያሳየኝ ሌላ ልብ ወለድ አላጋጠመኝም። በአንጻሩ ቶም የልዑልን ወግ ቶሎ የለመደው በሰፈሩ ከሚኖሩ ቄስ ከአባ አንድሩ ማንበብና ጥቂት ላቲን ተምሮ፣ የነገሥታት ታሪክም አንብቦ ስለ ነበረ ነውና፣ ጨዋነት በአጥንት ይወርዳል ለሚሉ ሰዎች ይህ በቂ መልስ ይመስለኛል።

በእኛም ታሪክ የንጉሥን ልብስ የሚለብስ ባለ ማዕረግ እንደ ነበረ አንባቢ ያውቃል። ሊቀ መኳስ በጦር ሜዳ እንደ ንጉሡ ለብሶ የሚሰለፈው ጠላት እሱን ንጉሥ መስሎት እንዲያነጣጥርበት ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ብዙዎቹ ያሰቡት በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ሐምፍሬይ ማርሎን ነበር፤ ልዑሉ ትምህርቱን ሲያጠፋ በልዑሉ ፈንታ የሚገረፈው ልጅ እሱ ነው። ይህ ልጅ ቶምን «ትምህርት አታቋርጥ» ብሎ ይለምነዋል፤ ግርፋቱ ከቀረ እንጀራው ይቀራል፣ ወላጅ የሌላቸው እኅቶቹም አብረውት ይራባሉ። ሊቀ መኳስ ማዕረግና ክብር እንዳለው፣ ሐምፍሬይ ግን ጀርባው ብቻ እንዳለው አልዘነጋሁም፤ ቢሆንም ሁለቱም የሌላውን መከራ በራሳቸው አካል የሚቀበሉ ናቸው። ልብስ መለዋወጥ ጨዋታ ብቻ አይደለም የምለውም ስለዚህ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከሰሜን ወሎ በጦርነት የተፈናቀለው ሕዝብ በደሴና በኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች ሰፍሮ በነበረ ጊዜ፣ እኔም ከሌሎች መምህራን ጋር ስም በመመዝገብ አግዝ ነበር። አንድ ቀን ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ አባት ተራ ደርሷቸው ከፊቴ ቆሙ፤ የለበሱት ጋቢ ጠርዙ ተተልትሎ፣ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ነበር። መታወቂያ ስጠይቃቸው በሽሽት ላይ እንደ ጠፋባቸው ነገሩኝ። ሥራዎትን ብላቸው «ባለ ወፍጮ ነኝ፣ ሁለት ወፍጮ አለኝ» አሉ። ከኋላቸው የተሰለፈ አንድ ወጣት «እዚህማ ሁሉም ባለ ወፍጮ ነው» ብሎ ሳቀ። እሳቸው ምንም አልመለሱለትም፤ ከኪሳቸው በጨርቅ የተቋጠረ ትልቅ ቁልፍ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ቁልፉ በዱቄት ብዛት ጥርሱ ነጥቶ ነበር። እኔም ለምን እንደ ሆነ ሳላውቅ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ወንበሩን ለእሳቸው ሰጠሁ። በኋላ ብቻዬን ስሆን ያፈርሁት፣ ቁልፉን ከማየቴ በፊት ለምን አልተነሣሁም ብዬ ነው። ቃላቸው ያው ቃል፣ እሳቸውም ያው ሰው ነበሩ።

ወደ መጽሐፉ ልመለስ። በዘውድ መድፊያው ቀን እውነተኛው ንጉሥ ቡቱቶ ለብሶ ሲገባ መኳንንቱ የጠየቁት የጠፋው ታላቁ ማኅተም የት እንዳለ ነው። ልጁ መጀመሪያ የተናገረው ቦታ ላይ ማኅተሙ አልተገኘም፤ ቶም ልብስ የተለዋወጡበትን ቀን እየጠቀሰ ሲያስታውሰው ግን በጦር ልብሱ የክንድ ብረት ውስጥ እንደ ሸሸገው ትዝ አለው፣ ከዚያም ወጣ። ቶም በበኩሉ ምንነቱን ሳያውቅ በዚያ ማኅተም ለውዝ ይሰብርበት ነበር። መንግሥት የሚጸናበት ዕቃ በእጁ ላይ እያለ ምን እንደ ሆነ አልተነገረውም ማለት ነው።

ይህን ክፍል አንብበን እንደ ጨረስን ከኮምቦልቻ የምትመላለስ አንዲት ተማሪዬ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ የቶም እናት እኮ ታውቅ ነበር፤ ለምን እሷን አልጠየቋትም?» አለችኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ልክ ነበረች። ቶም ሕፃን ሳለ ባሩድ ፊቱ ላይ ስለ ፈነዳበት፣ በደነገጠ ቁጥር እጁን ወደ ዓይኑ የሚያነሣው መዳፉን ወደ ውጭ አድርጎ ነው፤ ይህን የምታውቀው እናቱ ናት። ልዑሉ በቤቷ በተኛበት ሌሊት መብራት በድንገት ፊቱ ላይ አብርታ ደጋግማ ፈተነችው፤ እጁ እንደ ልጇ እጅ አልተነሣም። በዘውዱ ቀን ደግሞ በሰልፉ መካከል የንጉሥ ልብስ የለበሰው ልጅ ሲያያት ደንግጦ እጁን አነሣ፤ መዳፉም ወደ ውጭ ነበር። ሕዝቡን ሰንጥቃ እግሩን አቀፈች። እሱ ግን «አላውቅሽም» አላት፤ ዘበኛም ጎትቶ ወሰዳት። በዚያች አገር ማን ማን እንደ ሆነ በእርግጥ ያወቀች አዋቂ ሰው እሷ ብቻ ነበረች፤ ከመኳንንቱ ግን አንድም የጠየቃት የለም።

አያቶቻችን ርስት ሲካሰሱ ትውልድ ቆጥረው፣ ሽማግሌ ጠርተው በሰው ቃል ይረቱ ነበር። ያም ሥርዓት ድኻውን የሚገፋበት መንገድ እንዳልጎደለው አውቃለሁ፤ ቢያንስ ግን «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ መልሱን ከሰው አፍ ይጠብቅ ነበር። ትዌይን ደግሞ የእናቲቱን ምስክርነት ሌላ መንገድ ሰጥቶታል፤ ቶምን ያሳፈረውና የንግሥናውን ደስታ ያጠፋበት ፊቷ ነው፤ በኋላም ወደ ፊት ወጥቶ ለእውነተኛው ንጉሥ የመሰከረው በዚያ ኀፍረት ውስጥ እያለ ነው። ታሪኩ ሲያልቅ ንጉሡ ለቶም ሌላ ማንም እንዳይለብሰው የተከለከለ ልዩ ልብስ ይሰጠዋል፤ በእሱም እንዲታወቅ ያዝዛል። ከዚያ ሁሉ መከራ በኋላ እንኳ ሰው የሚታወቀው በልብሱ ነው። ጸሐፊያችሁ «ልብስ ሲወልቅ» ያሉት ነገር በመጽሐፉ ውስጥ እስከ መጨረሻው አልሆነም።

ስለዚህ ዓምዳችሁ ወደዚህ መጽሐፍ ከተመለሰ ለእናቲቱ አንድ ገጽ እንድትሰጡልኝ፣ ለተማሪዎች መጽሐፉን የሚያሳጥሩ ሰዎችም የመብራቱን ሌሊት እንዳይቆርጡት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ያቺን ተማሪዬን «ጥያቄሽን ለጋዜጣ እጽፈዋለሁ» ብያት ነበር፤ ጽፌዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቋንቋ መምህር፣ ከደሴ