ለልጄ፦ ሥሩን አትንቀዪው

ይድረስ ለውዷ ልጄ፤

ኮምቦልቻ ያለው አጎትሽ ትናንት ማታ ደውሎ፣ ከየጎፍ ደን ስትወርጂ ከነሥሩ የተነቀለ አበባ በፌስታል ይዘሽ እንዳገኘሽ ነገረኝ። እሱ በኩራት አወራው፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ኦርኪድ መሆኑን ለማወቅ መንቀል አያስፈልግም። ተንበርክከሽ አበባውን በቅርብ እዪው። ሦስት የውጭና ሦስት የውስጥ ቅጠሎች አሉት፤ ከውስጦቹ አንዱ መልኩ የተለየ ሲሆን እሱን ከንፈር ይሉታል፤ መካከሉ ላይ ደግሞ ወንዴውና ሴቴው ተዋህደው አንዲት አጭር ምሰሶ ሆነዋል። ከዚያ ወደ ጎኑ ዞረሽ ጀርባውን ተመልከቺ። ከከንፈሩ ሥር የሚንጠለጠለው ጅራት አንድ ከሆነ ሃበናሪያ የተባለውን የኦርኪድ ወገን ጠርጥሪ፤ ጅራቱ ሁለት ሆኖ ከንፈሩ ከላይ እንደ ቆብ ከደፋ ግን ሳቲሪየም የተባለው ወገን ነው። በቀለም ብቻ ስም አትስጪ። ጅራቱን በማስመሪያ ለኪው፣ ከጎን ፎቶ አንሺው፣ ከዚያም በ1997 እ.ኤ.አ. ከታተመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ 6ኛ ቅጽ ጋር አስተያዪው። ሥሩን ግን አትንቀዪው።

ይህን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው። ልጅ ሳለሁ፣ በክረምት፣ ከጦሳ ግርጌ ሳሳ ባለው የጽድ ጥላ አንድ ነቅዬ ነበር። ከሥሩ ሁለት ድንች መሳይ ነገር ወጣ፤ አንዱ የተጨማደደ፣ አንዱ የሞላ። የሞላውን ለወንድሜ ላሳይ ቆርጬ ኪሴ ከተትኩት፤ በተጨማደደው ይኖራል ብዬ ቀሪውን አያትሽ በረንዳ ላይ በጣሳ ተከልኩት። የተጨማደደው የዚያን ዓመት አበባ መግቦ ያለቀው፣ የሞላው የከርሞው መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አያትሽ በተከታዩ ክረምት ባዶውን ጣሳ እስከ መስቀል ውኃ ስታጠጣ ከረመች፤ እኔም የቆረጥኩት እኔ ነኝ ሳልላት አረፈች።

አብሽሪ፣ ተቆጥቼ አይደለም። ዘሩ እንደ ዱቄት የደቀቀና ስንቅ የሌለው ስለሆነ፣ አፈር ውስጥ ካለ ሻጋታ ጋር ካልተጣመረ አይበቅልም፤ የጠፋው በቀላሉ አይተካም ማለት ነው። አትንቀዪ፣ ሌላም ሲነቅል ዝም አትበዪ።

የያዝሽው ሁለቱም ድንቾች ካሉት ነገ በጠዋት ከወጣበት ጉድጓድ መልሰሽ በራሱ አፈር ክደኚው። ከተቆረጠ ግን በጋዜጣ መሃል አድርቂውና ቀኑንና ቦታውን ጻፊበት። ብቻሽን አትሂጂ፤ አጎትሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ቦቲም አድርጊ።

አባትሽ፣ ከደሴ