ለደራሲው የተጻፈው ሁሉ ደሴ ቀርቷል

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ደሴ ፒያሳ ውስጥ መጽሐፍ አከራያለሁ። ሥራውን ከጀመርኩ 23 ዓመት ሆነኝ። ደንበኛ መጽሐፍ ሲመልስልኝ ገጹ እንዳልተገነጠለ ገለጥ ገለጥ አድርጌ አያለሁ። ድሮ ኅዳጉ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ካገኘሁ እቆጣ፣ ቅጣትም አስከፍል ነበር። አሁን ትቼዋለሁ፤ ምክንያቱን ልንገርዎት።

ሦስት ጊዜ ያስጠረዝኩት አንድ ልቦለድ አለ። እናትየዋ የምትሞትበት ገጽ ላይ አንዱ አንባቢ በሰማያዊ እስክሪብቶ «አላህ ይዘንላት» ብሏል። ከሥሩ ሌላው «ነፍስ ይማር» ብሎ ጽፏል። ከዚያ ዝቅ ብሎ በእርሳስ፣ «እናቴን ዳግመኛ የቀበርኩ መሰለኝ። አንተ ግን ይህን ከየት አወቅከው?» ይላል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ሱቄ ሲዘረፍ ይህ መጽሐፍ የተረፈው ደንበኛ እጅ ስለነበረ ነው። ልጅቱ ከተፈናቀለችበት ስትመለስ ይዛው መጣች፤ መጀመሪያ የጠየቀችኝም ስንት የኪራይ ዕዳ እንዳለባት ነበር። ያን ቀን ያለቀስኩትን አልረሳውም።

እንግዲህ «ከየት አወቅከው?» የተባለው ደራሲው ነው። ደራሲው ግን ይህን ገጽ አይቶት አያውቅም።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ይህን ያህል ሩቅ አልነበረም። በአንዳንድ መጻሕፍት ላይ የደራሲው የፖስታ ሣጥን ቁጥር ይታተም ስለነበር፣ በዚያ አድራሻ ለአንድ ደራሲ ጻፍኩ። ሁለት ወር አልፎ ተስፋ ከቆረጥኩ በኋላ ግማሽ ገጽ መልስ ደረሰኝ። ቀን ቢሮ እየዋለ ማታ እንደሚጽፍ፣ የመጽሐፉን መጨረሻም ሁለት ጊዜ ጽፎ እንደቀደደው ነገረኝ። ዛሬ መጽሐፍ መሀል ተቀምጬ የምውለው በዚያች ወረቀት ምክንያት ነው ብል አላጋነንኩም።

የባለ ኅዳጉ ልቦለድ ደራሲ ከሁለተኛው መጽሐፉ በኋላ ድምፁ ጠፋ። የወይዘሮ ስኂን ተማሪዎችም፣ በኮምቦልቻ መንገድ የሚመላለሱ ሾፌሮችም «ሦስተኛው አልወጣም?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። አንድ ማታ ከቤተሰቤ ጋር ተከታታይ ድራማ እያየን ሳለ፣ አንዲት እናት ልጇን ልትሸኝ ስንቁን ትቋጥራለች። ትፈታዋለች። መልሳ ትቋጥረዋለች። አንድም ቃል አልተናገረችም። «ይህን ሰውዬ አውቀዋለሁ!» ብዬ ጮህኩ። በልቦለዱ ይህንኑ ስሜት ሁለት ገጽ ሙሉ በእናትየዋ ሐሳብ ጽፎታል። ካሜራ ደግሞ ሐሳብ አያሳይም፤ የሚታይና የሚሰማ ነገር ይፈልጋል። እናም ሁለቱን ገጽ አንድ ቋጠሮ አደረጋቸው። ድራማው ሲያልቅ ስሙ በፍጥነት አለፈና ልጄ በስልኳ ልታነሳው ስትል አመለጣት። በሳምንቱ ስልክ ደግነን ጠብቀን አነሳነው። እሱ ራሱ ነበር።

ወደ ፊልም በመሻገሩ አልወቅሰውም። በአገራችን በልቦለድ ብቻ ቤት ማስተዳደር የቻለ ደራሲ ጥቂት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት አገልግለዋል፤ በዓሉ ግርማም ጋዜጠኛ ነበር። ዛሬ ድራማ ለደራሲ እንጀራ ከሆነ እሰየው ነው። የሚያሳዝነኝ አንባቢው ተመልካች ሲሆን ደራሲውን ማጣቱ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው፣ መጽሐፉን በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው እንኳ የሐዲስን ስም ከወጋየሁ ድምፅ ጋር አብሮ ይዞ ቀርቷል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ደራሲ በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠቀስ መብት ሰጥቶታል። ታዲያ ዐይን ሳያርፍበት የሚያልፍን ስም ማን ያነበዋል?

ስለ ቋጠሮዋ ልነግረው ፈልጌ ድራማውን ለሚያስተላልፈው ጣቢያ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። መልስ አልመጣም። ስደውል አዘጋጆቹን ጠይቅ ተባልኩ፤ የአዘጋጆቹን አድራሻ የሚሰጠኝ ግን አላገኘሁም።

አሳታሚዎች ሆይ፣ በመጽሐፉ ጀርባ አንድ አድራሻ አትሙልን። የፖስታ ሣጥንም ሆነ ቴሌግራም፣ የራሳችሁም ቢሆን ለደራሲው እስካደረሳችሁለት ድረስ ይበቃናል። የግል ስልኩን ስጡን አላልንም፤ ሌሊት የሚደውል ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ድራማ የምትሠሩም የደራሲውን ስም ለብቻው፣ ሰው አንብቦ እስኪጨርስ አቁሙት። ለአንባቢ ወገኖቼም አንድ ነገር አለኝ፦ ለደራሲ ስትጽፉ የራሳችሁን ረቂቅ አንብብልኝ ብላችሁ አትጀምሩ። የቱ ገጽ እንደያዛችሁ ንገሩት። ምናልባት አምስት ዓመት ሙሉ ያንን የነገረው ሰው የለም።

እርስዎንም፣ ክቡር አዘጋጅ፣ ለደራሲያን የሚጻፉ ደብዳቤዎችን የሚያስተናግድ ዓምድ በሳምንት አንድ ቀን እንዲከፍቱልን እለምናለሁ። ያንን ልቦለድ ከዚህ ወር ጀምሮ ማከራየት አቁሜ ለደራሲው አስቀምጬለታለሁ። ስሙን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በተለየ ወረቀት ልኬልዎታለሁ፤ አድራሻው እጅዎ ከገባ ያሳውቁኝ፣ መጽሐፉን በማግስቱ ከደሴ ፖስታ ቤት እልክለታለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
መጽሐፍ አከራዩ፣ ከደሴ ፒያሳ