በመንገድ ላይ ለደረሳችሁልን ሁሉ

በመኪና የሚጎተተውን ማደሪያ ቤታችንን፣ ካራቫናችንን ጎትተን፣ ልጆቻችንንና እናቴን ይዘን የወጣንበትን ረጅም ጉዞ ጨርሰን ሁላችንም በሰላም ቤታችን ገብተናል። ያለ እናንተ ግን ይህ መንገድ አይዘለቅም ነበር። አብዛኞቻችሁን ዳግም የማግኘት ዕድል ስለማይኖረን ምስጋናችንን በአደባባይ እናቀርባለን፤ ያየ ላላየ ያድርስልን።

ከሁሉ በፊት የማመሰግነው እርስዎን፣ የከባድ መኪናውን ሾፌር ነው። ረጅሙን ዳገት ጨርሰን ቁልቁለቱን ስንጀምር ከካራቫኑ በግራ በኩል ብረት ከብረት ሲፋጭ ተሰማን። ዳር ይዘን ቆመን ከመኪናው ስንወርድ ቸርኬው እጅ አያስቀርብም፤ የተቃጠለ ግሪስ ይሸታል። እርስዎ ከኋላችን ቆመው፣ የአደጋ መብራትዎን አብርተው፣ ማስጠንቀቂያውን ሦስት ማዕዘን ራቅ አድርገው አስቀምጠው መጡ። መጀመሪያ ያሉትም «ልጆቹን ከመንገዱ አርቋቸው» ነው። ክሪክ ከመግባቱ በፊት ካራቫኑ ከመኪናችን ጋር እንደተያያዘ እንዲቆይና የቀኙ ጎማ ከፊትም ከኋላም በድንጋይ እንዲደገፍ አደረጉ።

ቸርኬው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ተበልቷል። መለዋወጫ ይዘን ነበር፤ እንዴት እንደሚገጠም የሚያውቅ ግን ከመካከላችን አልነበረም። ጭነትዎ እየጠበቀ ራስዎ ገጥመውልን በፍጥነት መሄድ ይችሉ ነበር። ይልቁንስ «እህቴ፣ መንገዱ ገና ነው፤ አንቺው ሥሪው» ብለው ግሪሱን መዳፌ ላይ አደረጉልኝ። ግሪሱ በውስጡ ባሉት ተንከባላይ ብረቶች፣ በሮለሮቹ መካከል አልፎ በሌላው በኩል እስኪወጣ ድረስ ኩሽኔታውን እያሸሁ ሞላሁት። ሮለሮቹ የሚንከባለሉበት ቀለበት ከተጫረ አዲስ ኩሽኔታ እንደማይከርምበት፣ ስለዚህ ቀለበቱም አብሮ መቀየር እንዳለበት አሳዩኝ። ዳዶውን ቸርኬው እየተሽከረከረ አጥብቄ፣ መልሼ ጥቂት እንዳላላው ያደረጉበትን ምክንያትም አስረዱኝ፦ ብረቱ ሲሞቅ ይሰፋል፤ መፈናፈኛ ካጣ ደግሞ ይቃጠላል። የጎማውን ቡሎኖች በመስቀለኛ እንድናጠብቅና ከ50 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ደግመን እንድናያቸው ነግረውን፣ እስከሚቀጥለው ነዳጅ ማደያ በቀስታ ተከተሉን። እዚያም ሙቀቱን በእጅዎ ጀርባ ፈትሸው ነው የተለዩን። በኋላ የቀኙን ኩሽኔታ የቀየርኩት እኔ ነኝ። ክፉ አይንካዎት!

ዝናብ በያዘን ሌሊት ከጎናችን ሰፍረው የነበሩትን አባትም አንረሳም። ውሃ ሰርጎ የልጆቹን አልጋ አበስብሶት ነበር። ባለቤቴ የሚንጠባጠብበትን ቦታ ሊደፍን ሲል እጁን ይዘው፣ ውሃ በጣሪያው እንጨት ተመርቶ ከገባበት ርቆ ሊወርድ እንደሚችል አስረዱት። ሲነጋ ከጣሪያው የፊት መጋጠሚያ ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አገኙ። አሮጌውን ማሸጊያ በፕላስቲክ መፋቂያ እስኪጠራ ፋቁት፣ በስፒሪት ጠረጉት፣ እስኪደርቅ አስጠበቁን፤ ከዚያ በኋላ ነው አዲሱ የገባው። ሲሊኮን እንዳንጠቀም የመከሩን ደግሞ፣ እሱ የነካው ቦታ ላይ በኋላ ሌላ ማሸጊያ አልጣበቅ ስለሚል ነው። እኔ በበኩሌ ከዚያ የተሻለ ትምህርት አላገኘሁም።

የካራቫናችን ጋዝ እንደሚያፈስ ያየሽልን እህታችን፣ ያደረግሽው ቀላል ነገር አይደለም። የሳሙና አረፋ በመገጣጠሚያው ላይ ቀብተሽ ፊኛ ሲያወጣ ባታሳዪን ኖሮ እዚያው እንተኛ ነበር። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ እንደሚተኛ ነግረሽን፣ የወለሉን መተንፈሻ የደፈነውን ጭቃ ተንበርክከሽ በገዛ እጅሽ ጠረግሽልን። ልጆችሽ ይባረኩ።

የካራቫኑ የፍሬን መብራት ሲጠፋብን ባልቦላውን ትቶ በቀጥታ የዛገውን የመሬት ሽቦ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን ሽቦ የጠረገልን ወጣት፣ አንተም እግዜር ይስጥልን።

እማዬ፣ በእኩለ ሌሊት ባትሪ ይዘሽ ስታበሪልን አንድም ቀን ደከመኝ አላልሽም፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ልጆቼ፣ ቡሎኖቹን በየተራ እየቆጠራችሁ በጨርቅ ላይ ስለደረደራችሁ አንድም አልጠፋብንም።

አባት፣ መፋቂያዎ ከእኛ ዕቃ ጋር ተቀላቅሎ መጥቷል። ይህ መልእክት ከደረሰዎት በሚመችዎት መንገድ እንድንልክልዎ ያሳውቁን። የሁላችሁንም ውለታ ፈጣሪ ይክፈልልን።