የመጋዘኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው?

ለትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የድሮ የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤቶችን መዝገብ ስለማዳን

ክቡር ሚኒስትር፣

ይህን ደብዳቤ በደንቡ መሠረት መዝገብ ቤት ላስገባው ነበር። ግን ቁጥር ተሰጥቶት ፋይል ውስጥ እንዳያድር ፈራሁ። ስለ ጠፋ ፋይል የሚያወራ ደብዳቤ ራሱ ፋይል ውስጥ ሲጠፋ አያምርም። ስለዚህ በአደባባይ ጻፍኩልዎ።

አባቴ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። በልጅነቱ ከክፍለ ሀገር መጥቶ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ተምሯል። ለሙት ዓመቱ የሕይወት ታሪኩን ስናዘጋጅ የገባበትን ዓመተ ምሕረት ላይ ተጣላን። እህቴ አንድ ትላለች፣ አጎቴ ሌላ ይላል። "እሱማ መዝገብ ላይ አለ" ብዬ ተነሣሁ። ሞኝነቴ።

የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። የአንድ ትምህርት ቤት ጥፋት አይመስለኝምና። የመዝገብ ቤቷ ልጅ በጣም ትሑት ነበረች። "ጋሼ፣ የድሮው ሁሉ መጋዘን ነው" አለችኝ። የመጋዘኑ ቁልፍ ንብረት ክፍል ነው። ንብረት ክፍሉ ስብሰባ ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን ተከፈተልኝ። እግር የሌላቸው ወንበሮች እስከ ጣሪያ ተቆልለዋል። ቆርቆሮው ያፈሳል። መዝገቦቹ ከወንበሮቹ ሥር ናቸው። የታችኞቹ ውሃ ጠጥተው ገጽ ከገጽ ተጣብቋል፤ ለመግለጥ ብሞክር እንደ እርጥብ እንጀራ እጄ ላይ ተቆረሰ።

ከላይ ካሉት ዘጠኙ ይነበባሉ። የአባቴ ዓመት የለም። ግን አንዱን ስከፍተው ከመሬት ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። የወጥ ቤት መዝገብ ነው። የየቀኑ ዱቄት፣ ምስር፣ ቅቤ፣ እንጨት በቁም ጽሕፈት ተመዝግቧል። የጾም ቀን በቀይ ቀለም ተሰምሮበታል። በስተጀርባው ደግሞ ብርድ ልብስ የወሰደ ልጅ ስም፣ ቁጥሩና ፊርማው አለ። አንዳንዱ ገና መፈረም ስላልለመደ አውራ ጣቱን አትሟል።

አባቴ ቁጥሩን እስኪሞት አልረሳም። አርባ ሰባት። ሸሚዙ ላይም፣ አንሶላው ላይም፣ የሻይ ኩባያው ላይም አርባ ሰባት ነበር። ሌሊት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ደወል ይመታል። ደወሉ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ፊት ታጥቦ፣ አልጋ ተነጥፎ፣ ሞኒተሩ፣ ማለት የተማሪ አለቃው፣ አንሶላው መወጠሩን በሳንቲም ይፈትናል። ሳንቲሙ ካልነጠረ እንደገና ነው። ከዚያ ዳቦና ሻይ። ከዚያ ክፍል። አስተማሪዎቹ ሕንድም፣ እንግሊዝም፣ ሐበሻም ነበሩ። ከሰዓት ኳስ። ማታ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ጥናት፣ ድምፅ የለም። ሦስት ተኩል ላይ መብራት ይጠፋል። የመጀመሪያውን ወር ብርድ ልብሱ ውስጥ ተሸፋፍኖ ያለቀሰው ልጅ ብዛት ግን በየትኛውም መዝገብ የለም። ከጎኑ የሚተኛው ልጅ አማርኛ አይችልም ነበር። ሁለቱ መጀመሪያ የተግባቡት በኳስ ነው፤ ከዚያ በሒሳብ፤ አማርኛው በሦስተኛ ደረጃ መጣ።

ያ ዘመን ገነት ነበር እያልኩ አይደለም። አዲስ ገቢው በነባሩ ይቀጠቀጥ ነበር። አጥር ዘሎ የተያዘ ሣር ሲያጭድ ይውላል፤ አባቴ ማጭድ አያያዝ የተማረው ገጠር ሳይሆን እዚያ ነው። ዕድሉም የጥቂት ልጆች፣ ያውም የወንዶች ነበር። የአክስቴ ጭንቅላት ከአባቴ አያንስም ነበር። እሷን ማን አዳሪ ያስገባታል?

ታሪኩን እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በግብፅ ኮፕት መምህራን ሲጀመር የተማሩት ወንዶች ነበሩ። ተፈሪ መኮንን በ1917 ዓ.ም. ሲከፈትም እንዲሁ። ጣሊያን መጥቶ የተማረውን ትውልድ ፈጀ። ከነጻነት በኋላ አገር ጸሐፊ፣ ሐኪም፣ መሐንዲስ አጥታ ስለነበር አዳሪ ትምህርት ቤት የቅንጦት ጉዳይ አልነበረም። ኮተቤ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ በ1935 ዓ.ም. ተከፈተ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ በብሪቲሽ ካውንስል ድጋፍ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተከተለ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በሩን ሲከፍት ተማሪ ያገኘው ከነዚህ ቤቶች ነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንቱ ካናዳዊው ዶክተር ማት ራሳቸው ከተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ኃላፊነት የመጡ ናቸው።

ቀጥሎ የሆነውን ልብ ይበሉልኝ፤ የመዝገቡ ችግር ከዚህ የሚጀምር ይመስለኛል። በ1967 ዓ.ም. ተማሪው ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ሲላክ የላይኞቹ ክፍሎች ባዶ ቀሩ። የተፈሪ መኮንን ስም እንጦጦ ተባለ። የኮተቤው ግቢ የመምህራን ኮሌጅ፣ በኋላም ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዊንጌት ዛሬ የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው። የነዚህ መዝገብ ጠፍቷል አላልኩም። የምለው፣ ቤት ስሙም ሥራውም ሲቀየር የድሮው ወረቀት ባለቤት ያጣል። አዲሱ ኃላፊ የማያውቀው ዕቃ ነው። ቦታ ሲጠበው መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው።

"ታዲያ ለአንድ ሙት ዓመት ይህ ሁሉ?" ይሉኝ ይሆናል። አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው ሰሞን አዳሪ ትምህርት ቤቶች የተሻለ ውጤት ማምጣታቸው ተወራ። አዳዲስ አዳሪ ትምህርት ቤቶች እንደሚገነቡም ከመሥሪያ ቤትዎ ሰማን። መልካም ነው። ግን ግንብ ማቆሙ ቀላሉ ክፍል ነው። መቶ ልጅ በጾምና በፍስክ ማብላት፣ ለታመመው ሌሊት መድረስ፣ ቋንቋ የማይግባቡትን አንድ ክፍል ማስተኛት፣ ነባሩ አዲሱን እንዳይበድል መጠበቅ ነው ከባዱ። ይህን ሁሉ የሞከሩ፣ አንዳንዱን የተሳካላቸው፣ አንዳንዱን ያበላሹ ሰዎች ጽፈው ትተውልናል። አማካሪ ቀጥረን ከውጭ የምናስመጣው ዕውቀት ግማሹ ከወንበር ሥር እየበሰበሰ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ትንሽ ነው። ከ1966 ዓ.ም. በፊት ለተከፈቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና ግቢያቸውን ለወረሱ ኮሌጆች አንድ ሰርኩላር ይጻፉ፤ የድሮ መዝገብ በንብረት ማስወገድ ስም እንዳይወጣ፣ ያለውም ተቆጥሮ እንዲታወቅ። ወመዘክር፣ ማለቴ ቤተ መዛግብቱ፣ ይህን ሥራ በአዋጅ የተሰጠው መሥሪያ ቤት ነው፤ አዋጅ ቁጥር 179/1991 ለዚሁ የወጣ ነው። ስካነርና ሁለት ሦስት የሠለጠነ ሰው ይዘው ከአንድ ግቢ ይጀምሩ። የተማሪ ስምና ውጤት የግል ጉዳይ ስለሆነ ለማን እንደሚታይ ሥርዓት ይበጅለት። የወጥ ቤቱ፣ የብርድ ልብሱ፣ የጊዜ ሰሌዳው ግን ለሁሉም ይከፈት።

ሌላም አለ፣ ይህኛው ጊዜ አይሰጥም። በዚያን ጊዜ የተማሩት ዛሬ ሰማንያ እየደፈኑ ነው። ስልክ ይዞ ድምፃቸውን የሚቀዳ አንድ የታሪክ ክፍል ተማሪ ይበቃል። እኔ አባቴን አልቀዳሁም። ሁሌ "በሚቀጥለው እሑድ" እል ነበር።

የመዝገብ ቤቷ ልጅ ስወጣ ዘጠኙን መዝገቦች ከወለል አንሥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ከቤቷ ላስቲክ አምጥታ እንደምታለብሳቸውም ነገረችኝ። ቁልፉ ግን ተመልሶ ንብረት ክፍል ገብቷል። ክረምቱ ሳይገባ አንድ ሰው ይላኩልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የአርባ ሰባት ቁጥር ልጅ