የአውቶ ሜካኒክ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ለቱርቦ ሞተር የሚሆን የካርተር መተንፈሻ

ዘንድሮ ክበባችን ሲሠራበት የቆየው ጥያቄ አንድ ነው፦ ቱርቦ (ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚነፋ መሣሪያ) የሚገጠምለት ባለ 1.6 ሊትር የቤንዚን ሞተር ካርተሩ (ዘይቱ የሚጠራቀምበት የሞተሩ የታች ክፍል) በየት በኩል ይተንፍስ? ስለ ቱርቦው፣ ስለ ኢንጀክተሩና ስለ ፒስተኑ በየጋራዡ ብዙ ይወራል። መተንፈሻው ግን የሚታወሰው ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው የጎማ ቀለበት) አፈትልኮ ዘይት ፍሪሲዮኑን ሲያርሰው ነው። አባላቱ በዚህ ርእስ ላይ ዓመት ሙሉ እንዲቆዩ የተደረገው ለዚሁ ነው። በወርክሾፓችን ቋሚ ላይ የተቀመጠው የኮሮላ ሞተርም ለሥራው ተስማሚ ሆኖ ተገኝቷል።

ነገሩ ከፋሻ ይጀምራል። የፒስተን ፋሻ (ፒስተኑን የሚከብበው የብረት ቀለበት) አዲስም ቢሆን ሙሉ ለሙሉ አይዘጋም። ነዳጁ ሲቃጠል ጥቂት ጋዝ በፋሻው ጎን ሾልኮ ወደ ካርተር ይወርዳል። ይህ ጋዝ ያልተቃጠለ ቤንዚን፣ ጥቀርሻና የውሃ እንፋሎት ይዟል። 1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ 1 ሊትር የሚጠጋ ውሃ እንደሚወጣው በኬሚስትሪ ትምህርት አስልቶ መድረስ ይቻላል። በደብረ ማርቆስ የጠዋት ብርድ ተነስቶ ከቤት ገበያ ብቻ የሚመላለስ መኪና ዘይቱ በደንብ ሳይሞቅ ስለሚቆም ያ ውሃ ተንኖ አይወጣም። የዘይት መሙያውን ክዳን ስንከፍት የምናየው ነጣ ያለ ቢጫ አረፋ እሱ ነው። አረፋው ስለታየ ብቻ «ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል» ተብሎ ቴስታታ (የሞተሩ የላይ ክዳን፣ ጓርኒሲዮኑ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ነው) የሚፈታበት ጊዜ አለ። ከዚያ በፊት የራዲያተሩ ውሃ ይቀንስ እንደሆነ ማየትና የመተንፈሻውን ቱቦ ነቅሎ መንፋት ይቀድማል፤ ሞተሩንም አሙቆ ረጅም መንገድ መንዳት ነው።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ያለቀው በልኬት ነው። ፋሻው ያለቀበትን ሞተር የትኛውም መተንፈሻ አያድነውም፤ ስለዚህ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት) ይለካል። ሞተሩ ይሞቃል፣ አራቱም ካንዴላዎች ይነቀላሉ፣ የቤንዚኑና የኮይሉ መስመር ይቋረጣል። ከዚያ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦ እያንዳንዱ ሲሊንደር 5 ወይም 6 ጊዜ እስኪያምቅ በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) ይዞራል። እዚህ ላይ መጽሐፉ የሚሰጠው ቁጥር ለባሕር ጠለል የተሰላ መሆኑ አይዘንጋ። ከተማችን ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። መጽሐፉ 180 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ካለ እኛ ዘንድ 140 አካባቢ ማንበብ የጤና ነው። ይህን የማያውቅ መካኒክ ደህናውን ሞተር አውርዶ ይበትናል። ይበልጥ የሚያሳስበው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ15 በመቶ ካለፈ ስለ መተንፈሻ ማውራት ትቶ ፋሻና ቫልቭ መመርመር ይሻላል።

ቀጥሎ ምን ያህል ጋዝ እንደምናስወጣ አሰላን። ጤነኛ ሞተር ከሚስበው አየር 1 በመቶ ያህሉ በፋሻ ያመልጣል ብለን ተነሳን። ባለ 1.6 ሊትር ሞተር በየሁለት ዙሩ አንዴ ስለሚሞላ በ6,000 ዙር በደቂቃ 4,800 ሊትር ይስባል። 1 በመቶው 48 ሊትር ነው። ቱርቦው አየሩን እጥፍ ካደረገው 96 ሊትር ይሆናል፤ በኛ ከፍታ ደግሞ እጥፍ ለማድረግ የቱርቦው ጌጅ 0.75 ባር ያህል ቢያሳይ ይበቃል። ይህ ጋዝ ውስጡ 8 ሚሊ ሜትር በሆነ ቱቦ ሲወጣ በሴኮንድ 32 ሜትር ይሮጣል፤ በ19 ሚሊ ሜትር ቱቦ ግን ከ6 ሜትር በታች ነው። የሚሮጥ ጋዝ የዘይት ጠብታውን አንጠልጥሎ ይሄዳል፣ ዝግ ያለው ይጥለዋል። ውድ ማጠራቀሚያ ተገዝቶ ቀጭኑ የፋብሪካ ቱቦ ከቀረ ገንዘቡ ባክኗል።

ሒሳቡን በሞተሩ ላይ የፈተነው መሣሪያ በከተማው ገበያ ከተገኘ ዕቃ የተሠራ ነው። ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚጠቀሙበት ብርሃን የሚያስተላልፍ ቱቦ እንደ «ዩ» ፊደል ታጥፎ በጣውላ ላይ ተቸነከረ፤ ቀለም የተነከረ ውሃ እስከ ግማሹ ተሞላበት። አንዱ ጫፉ በዘይት መለኪያው ዘንግ ቀዳዳ ላይ ገባ፣ ሌላው ክፍት ቀረ። በሁለቱ ክንዶች ያለው ውሃ የ100 ሚሊ ሜትር ልዩነት ካሳየ ካርተሩ ውስጥ 1 ኪሎ ፓስካል ያህል ግፊት አለ ማለት ነው፤ ክበቡ ለራሱ ያስቀመጠው ጣሪያም ይኸው ነው። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ በዘይት መሙያው በኩል ከኮምፕሬሰር አየር ይገባል። የአየሩ መጠን የሚለካው በጀሪካን ነው፦ ባለ 20 ሊትሩ ውሃ ተሞልቶ በበርሜል ውሃ ውስጥ ይገለበጣል፤ ከኮምፕሬሰሩ የሚመጣው አየር በ12.5 ሴኮንድ ካባዶው 96 ሊትር በደቂቃ ተገኘ ማለት ነው። የኮምፕሬሰሩን ቧንቧ ለቀቅ የሚያደርገው ተማሪ ዓይኑ ከውሃው ላይ መነሳት የለበትም፤ ፓራኦሊዮ ትንሽ ግፊት እንጂ የኮምፕሬሰር ግፊት አይችልም። በ8 ሚሊ ቱቦ ውሃው ጣሪያችንን አልፎ አሻቀበ፤ በ19 ሚሊው እምብዛም አልተነቃነቀም።

ግፊቱ ለምን ያሳስበናል? የቱርቦው ዘይት ተሸካሚውን አልፎ ወደ ካርተር የሚመለሰው በራሱ ክብደት ብቻ ነው። ካርተሩ ውስጥ ግፊት ካለ መመለሻው ይታፈንና ዘይቱ በቱርቦው ማኅተም በኩል ወደ ጭስ ማውጫው ያልፋል። መኪናው ሰማያዊ ጭስ ያጨሳል፣ ባለቤቱ «ቱርቦው ሞቷል» ይባላል፣ አዲስ ቱርቦ ይገባል፣ ጭሱ ይቀጥላል። ቱርቦ ከመቀየር በፊት የውሃ ቱቦዋን በዘይት መለኪያው ላይ መሰካት የአንድ ሰዓት ሥራ እንኳ አይፈጅም።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ወደ ምርጫው ገባን። በጣም የሚወደደው ቱቦውን ነቅሎ ትንሽ ማጣሪያ ሰክቶ በአየር ላይ መልቀቅ ነው። ርካሽ ነው፣ ግፊቱንም ያወርዳል። ነገር ግን ንጹሕ አየር ካርተሩን እየጠረገ ስለማያልፍ ውሃውና ቤንዚኑ ዘይቱ ውስጥ ይቀራሉ፤ ሽታው መኪናው ውስጥ ድረስ ይገባል፣ የሚንጠባጠበው ዘይትም በጋለው ጭስ ማውጫ ላይ ካረፈ እሳት ነው። የአየር መጠን መለኪያ ባለው ሞተር ላይ ፒሲቪው (የካርተሩን ጋዝ መልሶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቫልቭ) ሳይዘጋ ማጣሪያው ከተሰካ ደግሞ ያልተለካ አየር ይገባና ሚኒሞው (ፔዳሉ ሳይረገጥ የሚዞርበት ፍጥነት) ይረበሻል። ካሊፎርኒያ ካርተሩ ወደ ሞተሩ መልሶ እንዲተነፍስ ያስገደደችው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ዛሬ ወደ ኋላ የምንመለስበት ምክንያት አይታየኝም። ከጭስ ማውጫው ጋር አገናኝቶ ማስሳብ ማርሚታ (የጭስ ድምፅ ማፈኛ) በሌለው የውድድር መኪና ይሠራል፤ ቱርቦና ማርሚታ ባለበት ግን የጭሱ ግፊት ወደ ካርተር ይመለሳል። የቫኪዩም ፓምፕም ለአጭር ርቀት ውድድር እንጂ ለመንገድ መኪና አይሆንም።

ክበቡ የመረጠው የፋብሪካውን ዝግ ስልት (ጋዙን ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን) ይዞ ማጠናከርን ነው፤ ምክንያቱን ደግሞ የአባይ በረሃ ያሳያል። ከደጀን ወደ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ሲወረድ ፔዳሉ ተለቆ በማርሽ ስለሚያዝ ማኒፎልዱ (ለሲሊንደሮቹ አየር የሚያድለው ቧንቧ) አጥብቆ ይስባል፤ ጋዙ በፒሲቪ በኩል ይወጣል። ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ ቱርቦው ይነፋል፣ ፒሲቪው መዘጋት አለበት፣ ጋዙም በሌላኛው መተንፈሻ ከቱርቦው በፊት ወዳለው የአየር መግቢያ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለት መስመር፣ በየመስመሩም ጋራዡ ካች ካን የሚለው የዘይት ማጠራቀሚያ ያስፈልጋል። ሁለቱን መስመር በአንድ ማጠራቀሚያ ማገናኘት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ማኒፎልዱ ካርተሩን ትቶ ከአየር መግቢያው በአቋራጭ ይስባል፣ ካርተሩም ሳይጠረግ ይቀራል።

ማጠራቀሚያውን አባላቱ ራሳቸው በየዱት። ውስጡ 80 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ቱቦ በ200 ሚሊ ቁመት ሲቆረጥ 1 ሊትር ይይዛል። መግቢያው ከጎን ወገቡ ላይ ገብቶ ወደ ታች ይታጠፋል፣ መውጫው ከአናቱ ነው፤ በመካከላቸው 3 ሚሊ ቀዳዳ የበዛበት ላሜራና በላዩ የማይዝግ የድስት መፈተጊያ ሽቦ ይቀመጣል። በጣም ደቃቁ የብረት ሱፍ አይሆንም፤ እየተበጣጠሰ ወደ ሞተሩ ይገባል። ሽቦው ተጠቅጥቆ ከተሞላም ራሱ መተንፈሻውን ያፍናል፣ የውሃ ቱቦዋ ወዲያው ታሳብቃለች። ከብየዳ በኋላ ቅርፊቱ እስኪረግፍ ውስጡ ተቀጥቅጦና ታጥቦ በሳሙና አረፋ ይፈተሻል። ቦታው ከቱርቦው ራቅ ብሎ ነፋስ የሚያገኘው የፊት ጥግ ነው፤ በቀዘቀዘ መጠን ብዙ ይይዛል። ቱቦው ዘይት የሚችል ይሁን፤ የራዲያተር ጎማ በዘይት ይለሰልስና በውስጥ በኩል ተጣብቆ ይዘጋል። ውሃ የሚቋጥርበት ጎድጓዳ እንዳይኖረው ያለ ስርጉድ ይዘረጋል፣ ጫፎቹም በፋሸታ (በብረት ማሰሪያ) ይታሰራሉ።

ፒሲቪው ሲነቀነቅ ኳ ኳ ካላለ ተጣብቋል። የቱርቦን ግፊት ግን ብዙዎቹ በደንብ አይዘጉም፤ ካፈሰ ማኒፎልዱ ራሱ ካርተሩን ይነፋል። ስለዚህ ቼክ ቫልቭ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ይታከልበታል፤ ቀስቱ ወደ ማኒፎልዱ ያመለክታል። ከመግጠም በፊት በማኒፎልዱ በኩል 1 ባር ሰጥቶ ውሃ ውስጥ መንከር ነው፤ አረፋ ካወጣ አይገጠምም።

ማጠራቀሚያው በየዘይት ቅያሬው አጋማሽ፣ በክረምት ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይፈሳል። የፈሰሰው ወደ ሞተር አይመለስም፤ ውሃና ቤንዚን ነው። ፈሳሹ ንጹሕ ዘይት ብቻ ከሆነና ቶሎ ከሞላ የቫልቭ ክዳኑ ውስጥ ያለው መከለያ ተፈትቶ ይታጠብ፤ ከዚያም ካልቀነሰ ወደ ኮምፕሬሽን መለኪያው እንመለሳለን።

በ2018 ዓ.ም. ሥራው ወደ ናፍጣ ሞተር መተንፈሻ ይሻገራል። ምዝገባው በመስከረም በወርክሾፑ ነው፤ ቱታና ጠንካራ ጫማ ይዞ መምጣት ያስፈልጋል።